አዲስ ባለ .45 ሽጉጥ፦ የመጀመሪያዎቹ 200 ጥይቶች፣ አዳማ

ቀለህ ለቃሚ (አዳማ)

ሰላም ለዚህ የውይይት ክር ታዳሚዎች። 1911 በተባለው የአሜሪካ ሞዴል ዓይነት የተሠራ ባለ .45 (የጥይቱ ውፍረት በኢንች ነው) ሽጉጥ ከካርቶኑ እንደወጣ ተወልውሎ፣ ዘይት ተቀብቶ 200 ጥይት ተተኩሶበታል። ፈቃድ ያለው ሜዳ ላይ፣ በ7፣ በ15 እና በ25 ሜትር። የሠሪውን ስም አልጽፍም፤ ስም ከተጠራ ክሩ የደጋፊና የተቃዋሚ ይሆናል።

በርሜሉ 127 ሚሊ ሜትር፣ ባዶ ክብደቱ 1.1 ኪሎ፣ ካዝናው 7 ጥይት የሚይዝ፤ ሁለት ካዝና አብሮ መጥቷል። ጥይቱ ክብ አፍንጫ ያለው፣ እርሳሱ በመዳብ የተለበጠ፣ 230 ግሬን፣ ማለትም 14.9 ግራም።

ከማካሮቭ የሚመጣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ርግጫው ነው። የማካሮቭ እርሳስ 6 ግራም ገደማ ሆኖ በሰከንድ 315 ሜትር አካባቢ ይወጣል፤ ይሄኛው 14.9 ግራም በ255 ሜትር። ክብደትና ፍጥነቱን ብታባዙት የ.45ቱ ምት የማካሮቭን እጥፍ ይሆናል። እጅ ላይ ግን እጥፍ አይመስልም። አንደኛ ሽጉጡ ከማካሮቭ ወደ 370 ግራም ይከብዳል። ሁለተኛ በርሜሉና ስላይዱ (በርሜሉን የሚሸፍነው ላይኛው ተንሸራታች ብረት) ተቆላልፈው ትንሽ አብረው ወደ ኋላ ከሄዱ በኋላ ነው የሚላቀቁት። ማካሮቭ ላይ በርሜሉ የተተከለ ነው፤ ምቱን የሚመክተው የስላይዱ ክብደትና ሞላው ብቻ ስለሆነ መዳፍ ላይ ጠንከር ብሎ ያርፋል። .45ቱ ገፋ አድርጎ አፈሙዙን ያነሳል፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ይመለሳል።

ብልሽት፦ ከ200ው አራት ጊዜ ቆሟል። ሦስቱ በመጀመሪያዎቹ 60 ጥይቶች ውስጥ፣ ሦስቱም በአንደኛው ካዝና፤ ስላይዱ ለመዘጋት 3 ሚሊ ሜትር ያህል ሲቀረው ይቀራል፣ በመዳፍ ሲገፋ ይዘጋል። አራተኛው፣ የመጨረሻው ጥይት ከወጣ በኋላ ስላይዱ ከኋላ መቆም ሲገባው ተዘጋ።

ዒላማው ላይ በ15 ሜትር አምስት አምስት ጥይት 8 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ይሰበሰባል፣ ግን ስብስቡ በሙሉ ከመሃል 5 ሴንቲ ሜትር ወደ ግራ ነው። ዝቅም ከፍም አላለም። ጥፋቱ የእጅ ነው የማነጣጠሪያ? አስተያየት ስጡበት።

የወንጂ ልጅ

ጥፋቱ የካዝናው መሆኑን እንዴት ለያችሁት? ሽጉጡ አዲስ ስለሆነ ብቻ ሊሆን አይችልም?

ቀለህ ለቃሚ

ሁለቱ ካዝናዎች ግርጌያቸው ላይ በማርከር 1 እና 2 ተብለው ተጽፈዋል። እያንዳንዱ ብልሽት በተከሰተ ቁጥር የካዝናው ቁጥር፣ ስንተኛው ጥይት እንደሆነና ስላይዱ የት እንደቆመ ወረቀት ላይ ይሰፍራል። ሦስቱም ቁጥር 1 ላይ ናቸው። ከ60ኛው ጥይት በኋላ ቁጥር 1 ወጥቶ በቁጥር 2 ብቻ 140 ተተኮሰ፤ ያ ዓይነቱ ብልሽት አልተደገመም። ካዝናውን ሳትቆጥር ሽጉጡን መውቀስ ዳኛ ሳይሰማ እንደመፍረድ ነው።

ሻምበል ጡረታ

ጥሩ አድርገሃል ልጄ። አብዛኛው ሰው አራቱንም ብልሽት "ተቀረቀረ" ብሎ በአንድ ቃል ይዘጋዋል። የየራሳቸው ምክንያት አላቸውና ልለያቸው።

ስላይዱ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ሲቀረው ከቆመ፣ ጥይቱ በርሜል ውስጥ ሊገባ ትንሽ ቀርቶት ሦስት ቦታ ተደግፎ ተይዟል ማለት ነው። ከንፈሮቹ (ጥይቱን ከላይ የሚይዙት ጠርዞች) የጠበቡ ካዝና ጥይቱን አዘግይቶ ስለሚለቅ እንዲህ ያደርጋል። ቀለሁን ጎትቶ የሚያወጣው ጥፍር ከመጠን በላይ ሲጠብቅም ያው ነው፤ የጥይቱ ቂጥ ተንሸራቶ ከጥፍሩ ሥር መግባት አለበት፣ ጥፍሩ አልከፈት ካለው ይቆማል። የሁለቱን ካዝናዎች የከንፈር ስፋት በካሊፐር ለካ። ልዩነት ካገኘህ መልሱን አገኘህ።

ጥይቱ አፍንጫውን ወደ ታች ደፍቶ መወጣጫው (ከካዝና ወደ በርሜል የሚወጣበት ተዳፋት) ላይ ከተተከለ የካዝናው ሞላ ደክሟል፣ ወይም የውስጡ መግፊያ ሳህን ያዘነብላል።

ቀለሁ በአፉ ወደ ሰማይ ቆሞ ስላይዱ ከነከሰው ጥፍሩ ላልቷል ወይም የተኳሹ አንጓ ላልቷል። እጅ አብሮ ወደ ኋላ ከሸሸ ስላይዱ ሙሉ መንገዱን አይሄድም። ይሄ አዲስ ሰው ላይ በጣም ይበዛል፣ ሽጉጡም ያለጥፋቱ ይታማል።

ስላይዱ በመጨረሻው ጥይት ካልቆመ፣ ባዶውን ካዝና አስገብተህ ስላይዱን በእጅህ አሥር ጊዜ ሳብ። አሥሩንም ጊዜ ከቆመ ሽጉጡ ደህና ነው፤ ጥፋቱ የአውራ ጣት ነው። አውራ ጣቱን ከፍ አድርጎ የሚይዝ ተኳሽ የስላይዱን ማቆሚያ ሳያውቀው ወደ ታች ይጫነዋል።

ጥፍሩን ለመፈተሽ ስላይዱን አውልቅ፣ ባዶ ቀለህ ከጥፍሩ ሥር አስገባ፣ ቀስ ብለህ አወዛውዝ። ወዲያው ከወደቀ ላልቷል። በጉልበት ካልሆነ አልገባም ካለ ጠብቋል። ባዶ ቀለህ ነው ያልኩት፤ በሙሉ ጥይት እንዳትሞክሩት።

ቀለህ ለቃሚ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሻምበል። ተለካ፤ የቁጥር 1 ከንፈር ከቁጥር 2 በ0.4 ሚሊ ሜትር ይጠባል። ጥፍሩ ቀለሁን ይይዛል፣ ሲወዘወዝም አይጥልም። በባዶው ካዝና ደግሞ አሥሩንም ጊዜ ቆሟል፣ ስለዚህ አራተኛው የአውራ ጣት ነው።

ቶርኖ 04

ለዚህ ሁሉ ምን አደከማችሁ። መወጣጫውን በሞተር ብሩሽ ጠረግ አድርጎ ማንጸባረቅ ነው። ፍሬሙና (የሽጉጡ ታችኛው አካል) በርሜሉ መካከል ያለችውን ክፍተትም ሞርዶ አንድ ወጥ ተዳፋት ማድረግ ይቻላል። የ20 ደቂቃ ሥራ ናት። የ.45 የጋዝ ግፊት ደግሞ ትንሽ ነው፦ የ9 ሚሊ ሜትሩ ጣሪያ በካሬ ኢንች 35,000 ፓውንድ ሲሆን የዚህ 21,000 ነው። ምንም አይሆንም።

ጸጥታው

ተው!

ሻምበል ጡረታ

ቶርኖ ወንድሜ፣ የግፊቱ ቁጥር ልክ ነው፣ ያወጣኸው መደምደሚያ ግን ሰው ያስጎዳል። ያቺ ክፍተት ስህተት አይደለችም። የፍሬሙ መወጣጫና የበርሜሉ ጉሮሮ መካከል 0.8 ሚሊ ሜትር ያህል እርከን ሆን ተብሎ የተተወ ነው። በርሜሉ ወደ ኋላና ወደ ታች ሲንቀሳቀስ ፍሬሙን እንዳይነካ፣ የጥይቱ አፍንጫም ጫፉ ላይ እንዳይሰናከል። አንድ ወጥ ካደረግኸው ጥይቱ የበርሜሉን ከንፈር ወደ ፊት እየገፋ ከነጭራሹ አይጎርስም።

የበርሜሉን ጉሮሮ ወደ ውስጥ ከሞረድክ ደግሞ የቀለሁ ታች ራቁቱን ይቀራል። ቀለህ ናስ ነው፤ ግፊቱን የሚይዘው ዙሪያውን ያቀፈው ብረት ነው። ድጋፍ ያጣው ቦታ መጀመሪያ ያብጣል፣ አንድ ቀን ይቀደዳል። ያኔ ጋዙ በካዝናው በኩል ወደ ታች ይወጣል፣ የእጀታውን ሽፋን ይሰነጥቃል፣ መዳፍ ያቃጥላል። 21,000 ፓውንድ ትንሽ የሚሆነው ከ35,000 ጋር ሲነጻጸር ነው። ለሥጋ ትንሽ አይደለም።

የመወጣጫው ተዳፋት ወደ 31.5 ዲግሪ ነው። በእጅ በተያዘ ሞተር ያንን የሚጠብቅ ባለሙያ ካለ እጁን ልሳመው።

ቶርኖ 04

እሺ ሻምበል፣ መሞረዱን አንስቻለሁ። ማንጸባረቁስ?

ሻምበል ጡረታ

ማንጸባረቅ ብረት መቀነስ አይደለም። ሻካራ የፋብሪካ ጭረት ካለበት 1000 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ዘይት ነክሮ፣ ክብ እንጨት ላይ ጠቅልሎ፣ በእጅ ብቻ፣ ብርሃን እስኪመልስ ድረስ። ቅርጹን ሳትነካ። ግን የእሱ ሽጉጥ በቁጥር 2 ካዝና 140 ጥይት ያለእንከን በልቷል። የሚበላ አፍ አይታከምም። ካዝናውን ይለውጥ።

የወንጂ ልጅ

ዘይትስ ምን ይሻላል? አንዳንዱ የሞተር ዘይት፣ አንዳንዱ ግሪስ፣ አንዳንዱ "ደረቅ ይሁን" ይላል። ግራ ገባኝ።

ቀለህ ለቃሚ

አዳማ ላይ ጥያቄው የዘይት ብቻ አይደለም፣ የአቧራም ነው። ብሎኬት የሚሠራበትን ቀላሉን፣ ነጣ ያለውን የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ታውቁታላችሁ። አቧራው በብዙ ቦታ ከዚያ የመጣ ነው፤ በአጉሊ መነጽር ሲታይ የመስታወት ስብርባሪ ነው። ዘይት ላይ ሲቀመጥ ሁለት ብረት መካከል የተቀባ የብርጭቆ ወረቀት ይሆናል።

ስለዚህ የስላይዱ ሁለት ሐዲዶች ላይ በየጎኑ አንድ ጠብታ፣ የበርሜሉ ጫፍ ቀለበት በሚያርፍበት ላይ አንድ፣ በርሜሉና ስላይዱ በሚቆላለፉበት ጥርስ ላይ አንድ፣ መዶሻው ሥር ግማሽ። ከዚያ ስላይዱን አሥር ጊዜ ስቦ የተረፈውን በጨርቅ መጥረግ። ካዝናው ውስጥ ዘይት አይገባም፣ ጥይት ላይም አይቀባም፤ ዘይቱ ወደ መለኮሻው (ጥይቱ ቂጥ ላይ ያለው ማቀጣጠያ) ሰርጎ ጥይቱን ያከሽፈዋል።

ቀጭን የሞተር ዘይት ሌላ ከጠፋ ይሠራል። ግሪስ አዲስ ሽጉጥ ላይ ሐዲድ ላይ ብቻ፣ በጣም በስሱ። ንፋስ ባለበት ቀን ግሪስ የተቀባ ሽጉጥ ሳጥኑን ከፍቶ ማስቀመጥ አቧራ መጋበዝ ነው።

ሐዋሳ ዳር

እኛ ጋ ችግሩ ተቃራኒ ነው። ሐይቁ ዳር ላብና እርጥበት ነው የሚያጠቃው። ከተኩስ በኋላ ባሩዱ በላምባ ይታጠባል፣ ላምባው ግን በጨርቅ ተጠርጎ ካልደረቀና ዘይት ካልተተካበት ዝገቱ ይጀምራል። ቤንዚን አታስጠጉ፤ ብረቱን አራቁቶ ይሄዳል፣ እሳቱም ሌላ ጣጣ ነው። ብሩሹ ከበርሜሉ ኋላ በኩል ይግባ። አፈሙዙ ጫፍ ከተጫረ ያነጣጠርከው ቦታ አታገኘውም።

ጥያቄ፦ አንድ አሮጌ ሽጉጥ ላይ "11.25" ተብሎ ተቀርጿል። ጥይቱ ከ.45 ይለያል?

ሻምበል ጡረታ

አይለይም። አርጀንቲናና ኖርዌይ የሠሯቸው የ1911 ዝርያዎች ላይ 11.25 ተብሎ ይቀረጻል፤ የሚተኩሱት ግን .45 ነው። ሌላ ቦታ 11.43 የሚል ልታይ ትችላለህ፣ እሱም ያው። አሮጌ ከሆነ ግን በርሜሉን፣ ጥፍሩንና ሞላዎቹን ባለሙያ ሳያየው እንዳይተኮስ።

የወንጂ ልጅ

የስታር (የስፔን ሽጉጥ) ካዝና ወይም ሞላ ይገጥምለታል? ከሩቅ ሲታዩ መንታ ናቸው።

ጸጥታው

አይገጥምም። በብዛት የምታየው ስታር 9 ሚሊ ሜትር ነው፤ እጀታው ጀርባ ላይ የሚጫነው መጠበቂያም የለውም። የሚመሳሰሉት በመልክ ብቻ ነው።

የወንጂ ልጅ

ወደ ግራ የመታውስ ነገር? አዳማ ላይ የንፋስ ማመንጫዎቹ በከንቱ አልተተከሉም፤ ንፋሱ ወስዶት ቢሆንስ?

ጸጥታው

ንፋሱ ጥይቱን አይደለም የሚወስደው፣ ክንድህን ነው። በሰከንድ 10 ሜትር የሚነፍስ የጎን ንፋስ ይህን ከባድ እርሳስ በ25 ሜትር ላይ 1 ሴንቲ ሜትር እንኳ አያንቀሳቅሰውም፤ ጥይቱ አየር ላይ የሚቆየው የሰከንድ አንድ አሥረኛ ብቻ ነው። አዳማ 1,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩም ሳሳ ያለ ነው። የተዘረጋ ክንድ ግን ይወዛወዛል፣ የወረቀት ዒላማም እንደ ሸራ ይርገበገባል። ወረቀቱን አራት ማዕዘኑን ካርቶን ላይ ምታው፣ ካርቶኑን እዚህም እዚያም ብሳው፣ ንፋሱ ይለፍበት።

አሁን ወደ ግራው። መጀመሪያ ተኳሹን ነጻ ማውጣት ነው። ሦስት ፈተና፦

እጁን የአሸዋ ከረጢት ላይ አሳርፎ አምስት ጥይት። ከዚያ ሌላ ሰው፣ ያንኑ ሽጉጥ፣ አምስት ጥይት። ከዚያ ረዳት ካዝናውን ይሙላለት፣ መካከል ላይ ሁለት የሐሰት (ባሩድ የሌለው) ጥይት ደብቆ። ተኳሹ የሐሰቱ ላይ ቃታ ሲስብ አፈሙዙ ወደ ታችና ወደ ግራ ከነጠረ፣ ቃታ እየጨመቀ ሳይሆን እየነጠቀ ነው። የዚህ ዓይነት ሽጉጥ ቃታ ከ2 እስከ 2.5 ኪሎ ይስባል፣ መንገዱም አጭር ነው፤ የማካሮቭን ረጅም የመጀመሪያ ስበት የለመደ ጣት ሳይዘጋጅ ያልፈዋል።

ቀኝ እጅ ሲነጥቅ ጥይቱ ግራ ብቻ ሳይሆን ዝቅም ይላል። የአንተ ስብስብ ዝቅ አላለም። ስለዚህ ወደ ማነጣጠሪያው አዘነብላለሁ፣ ግን ፈተናው ይቅደም።

ቀለህ ለቃሚ

ከከረጢት ላይ 5.5 ሴንቲ ሜትር ስብስብ፣ ያው 5 ሴንቲ ሜትር ግራ። ሁለተኛው ተኳሽም ግራ። በሐሰት ጥይቱ አፈሙዙ አልነቃነቀም።

ጸጥታው

እንግዲያው ማነጣጠሪያ ነው። የኋላው ጥይቱ እንዲሄድ ወደምትፈልግበት ነው የሚገፋው፤ ወደ ቀኝ። ስንት? ስህተቱን በፊትና በኋላ ማነጣጠሪያ መካከል ባለው ርቀት አባዛ፣ ለዒላማው ርቀት አካፍል። 50 ሚሊ ሜትር ሲባዛ በ165፣ ሲካፈል ለ15,000። 0.55 ሚሊ ሜትር። ከግማሽ ሚሊ ሜትር ትንሽ ይበልጣል፣ በቃ።

አፈጻጸሙ፦ ካዝና ይውጣ፣ በርሜሉ ባዶ መሆኑ በዓይንም በጣትም ይረጋገጥ፣ ስላይዱ ይውለቅ። በእርሳስ መስመር አስምር፣ ስላይዱን በእንጨት አስይዘህ ሞርሳ ውስጥ ክተት፣ በናስ ዘንግ ቀስ ቀስ እያልክ ምታ፣ በየምቱ በካሊፐር ለካ። የብረት ዘንግ ከተጠቀምክ ማነጣጠሪያው ይሰረጉዳል።

ቶርኖ 04

ይሄኛውን እኔ በነጻ እሠራልሃለሁ፤ ካሊፐሩም ናሱም አለኝ። የሽጉጡን ፈቃድ ይዘህ ና፣ ስላይዱ ብቻውን ቢሆንም ፈቃዱን ሳላይ አልነካም።

አወያይ

ስለ ጥይት መሸጫና ዋጋ የተጻፉ ሁለት መልሶች ተነስተዋል። ይህ ክር ስለ አያያዝና አሠራር ነው። ፈቃድ የሌለው ግዢም ሽያጭም እዚህ አይወራም፤ ፈቃድ ያለው ሰው ፈቃድ የሰጠውን አካል ይጠይቅ።

ሐዋሳ ዳር

ስለ ጆሮ ማንም አላነሳም። ጥይቱ ከድምፅ ፍጥነት በታች ስለሚሄድ እንደ 9ኙ ስለታም "ጧ" የለውም፣ ወፍራም ድምፅ ነው፤ በዚህ የሚታለል ብዙ ነው። አፈሙዙ ጋ ያለው ድምፅ ግን ወደ 160 ዴሲቤል ይጠጋል፤ ጆሮን በአንድ ምት ሊጎዳ የሚችለው ከ140 ጀምሮ ነው። በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ደግሞ ይመለሳል። ከውስጥ የሚሰካው፣ ከላይ የሚደፋው፣ ሁለቱም። መነጽርም፤ ቀለሁ ወደ ቀኝና ወደ ኋላ ነው የሚወረወረው፣ ትኩስ ነው፣ አንገትጌ ውስጥ ከገባ ሰውን ሽጉጥ እንደያዘ ያዘልለዋል። የሸሚዝህን ላይኛ ቁልፍ ዝጋ።

የወንጂ ልጅ

ቃታ ተስቦ ጥይቱ ካልፈነዳስ?

ሻምበል ጡረታ

አፈሙዙ ዒላማው ላይ እንዳለ 30 ሰከንድ ጠብቅ። ዘግይቶ የሚፈነዳ ጥይት አለ። ከዚያ ካዝናውን አውጣ፣ ስላይዱን ሳብ፣ ጥይቱን እይ። መለኮሻው ላይ ጥልቅ ጉድጓድ ካለ ጥይቱ ከሽፏል። ጉድጓዱ ስስ ከሆነ ስላይዱ በሙሉ አልተዘጋም ነበር ወይም የመዶሻው ሞላ ደክሟል።

ከዚህ የሚከፋው "ፍስስ" ብሎ ደካማ ድምፅ ሲያሰማ ነው። ያኔ እርሳሱ በርሜል ውስጥ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ ከተኮስክ በርሜሉ ያብጣል ወይም ይሰነጠቃል። ወዲያው አቁም፣ አራግፍ፣ ፍታ፣ በርሜሉን ወደ ብርሃን አድርገህ ተመልከት።

ሌላው የዚህ ዓይነት ሽጉጥ ጠባይ፦ ጥይት በእጅህ በርሜል ውስጥ ጨምረህ ስላይዱን አትልቀቅበት። ጥፍሩ ከጥይቱ ቂጥ ላይ ለመውጣት የተሠራ አይደለም፣ ከሥር ነው የሚቀበለው። ከተደጋገመ ጫፉ ይሸረፋል። ሁልጊዜ ከካዝና አጉርስ። የመዶሻው ግማሽ እርከንም መጠበቂያ አይደለም፤ የተጫነ ሽጉጥ እዚያ ላይ አይቀመጥም።

ቀለህ ለቃሚ

የኋላ ማነጣጠሪያው 0.55 ተገፍቷል፣ ሌላ 50 ጥይት በአዲስ ካዝና ተተኩሷል። ስብስቡ መሃል ገብቷል፣ ብልሽት የለም። ቀለሁ 2 ሜትር ተኩል አካባቢ ቀኝ ኋላ ይወድቃል፤ የስላይዱ ሞላ ከፋብሪካው የመጣው ባለ 16 ፓውንድ ነው፣ ደህና ይመስላል።

አንድ የቀረ ነገር፦ ፈትቶ ሲገጠም የስላይድ ማቆሚያው ፍሬሙ ላይ ቅስት ጭረት ጥሏል። ማስቀረት ይቻላል?

ጸጥታው

የወረቀት ፕላስተር ፍሬሙ ላይ ለጥፍ፣ ማቆሚያውን ወደ ላይ እያዞርክ ሳይሆን ከታች አቅጣጫ ቀጥ አድርገህ አስገባ። ከበርሜሉ ሥር ያለውን ክዳን ስትፈታም አውራ ጣትህን አታንሳበት፤ ሞላው ተወጥሮ ነው ያለው፣ ካመለጠህ ክዳኑን የጎረቤት ግቢ ነው የምትፈልገው።

ቀለህ ለቃሚ

ክዳኑ አንዴ አምልጧል። ተገኝቷል፣ ቁም ሣጥን ሥር።